በጾም የሸተተኝ ቅቤ

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ሁዳዴ ከገባ ሰንብቷል። ሰበታ ባለው ቤታችን ጓዳ ቆሜ ለምሳ የምስር ወጥ እያቁላላሁ ነበር፤ ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ፣ ሌላ ነገር የለም። ድንገት ቅቤ ሸተተኝ። ተራ ቅቤ አይደለም፤ በኮሰረትና በኮረሪማ እየተነጠረ ያለ ቅቤ፣ ያውም ኮሰረቱ ጥቂት ያረረበት። እንደዚያ አድርጋ የምታነጥር አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው፤ እናቴ። እናቴ ደግሞ ተፍኪ ከተቀበረች ዓመታት አልፈዋል።

"ቢፍቱ! ቅቤ የሚያነጥረው ማን ነው? ይሸትሻል?" ብዬ ልጄን ጠራኋት።

ከሳሎን መጥታ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገች። "ምንም አይሸተኝም፣ እማዬ። ደግሞ በጾም ማን ያነጥራል?"

እሷ እስክትመልስልኝ ድረስ ሽታው ጠፍቶ ነበር። በርበሬዬ ሊያርብኝ ሲል ውኃ ጠብ አደረግኩበትና ረሳሁት።

ዘነበች እባላለሁ። ሰፈሩ ግን የቢፍቱ እናት ነው የሚለኝ። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ ከቡራዩ ድረስ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። በርበሬ ስገዛ ጆንያውን ከፍቼ አንዴ ካሸተትኩ ይበቃኛል፤ እርጥበት የነካውን፣ ያረጀውን፣ ከሌላ የተደባለቀውን ነጋዴው አፉን ሳይከፍት እነግረዋለሁ። ስለዚህ አፍንጫዬ ተሳሳተ ብሎ ማመን ለእኔ ከባድ ነበር። የምበላው በእሱ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው የማይሸተው ነገር ለሚሸታችሁ፣ አፍራችሁ ወይም ፈርታችሁ ዝም ላላችሁ ሰዎች ነው። እኔም ዝም ብዬ ነበር።

ሽታው ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ በኋላ ቶሎ ቶሎ። አመጣጡ ሁልጊዜ ያው ነው። ከሆዴ ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተነሥቶ በደረቴ አድርጎ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣል። ከዚያ ቅቤው ይሸተኛል። ከዚያ የማየው ሁሉ፣ ድስቱም፣ መስኮቱም፣ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮም፣ ከዚህ በፊት ልክ እንዲሁ ሆኖ ያየሁት ይመስለኛል። በመጨረሻ ከግራ ትከሻዬ በስተኋላ ሰው ይቆማል። አይነካኝም። አይናገረኝም። ወጡን ያያል። ዘወር ስል ማንም የለም።

ማንም የለም ብዬ መጻፍ አሁን ቀሎኛል። ያን ጊዜ ግን ማን እንደቆመች አውቅ ነበር። እናቴ ወጥ ስሠራ ከኋላዬ ቆማ የማየት ልማድ ነበራት፤ እጇን አጣምራ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ። ልጅ ሆኜ በጣም ያናድደኝ ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ያስፈራኝ ጀመር።

ለማንም አልተናገርኩም። ሰይጣን በጾሜ ሊፈትነኝ ቅቤ ያሸትተኛል ብዬ ለራሴ መለስኩለት። ስግደት ጨመርኩ። አንድ ቀን ግን በስግደቱ መሐል፣ ግንባሬ መሬት እንደነካ፣ ያው ቅዝቃዜ ከሆዴ ተነሣ። ቀና ለማለት ፈራሁ።

የደብረ ዘይት ሰሞን ነው ነገሩ ከእኔ አልፎ ገበታ ላይ የወጣው። ለምሳ ሽሮ አቀረብኩ። ባለቤቴ ጉደታ፣ ጎረቤቱ ኦቦ ጉደታ የሚለው፣ ከእርሻው ደክሞት ነበር የመጣው። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይቶ ነበር። አንድ ጎረሰና ማላመጡን አቆመ።

"ዘነብ፣ ቅቤ አለበት።"

"ቀልድህን ተው።" እኔ በወጥ ቀልድ አላውቅም።

"አልቀለድኩም። ቅመሺው።"

ቀመስኩ። ቅቤ ነበረው። ደግሞ ጣፋጭ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሽሮ ሠርቼ አላውቅም። በጣም የደነገጥኩትም ለዚህ ነው። ጉደታ አፉን ተጉመጥምጦ ወጣ። ሽሮውን ለውሻ ደፋነው። ጓዳ ከእኔ ሌላ የገባ ሰው አልነበረም፤ ቢፍቱ ከኮሌጅ የተመለሰችው ሽሮው ከወጣ በኋላ ነው።

በቤታችን ሁዳዴ ሲገባ የቅቤው ማሰሮ አፉ በጨርቅ ታስሮ ጓዳ ያለው ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል፤ እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። እንደታሰረ ነው። አስተሳሰሩ ግን የእኔ አልነበረም። እኔ ቋጠሮውን ከላይ ነው የማስረው። ይሄ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ከሥር ተወትፏል። እናቴ አይጥ እንዳይፈታው ብላ እንደዚያ ነበር የምታስረው። ፈታሁት። ቅቤው ላይ ሦስት ጣት የዛቀው ቦታ ነበር።

ማሰሮውን መልሼ አስቀመጥኩና ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ፍትሐት አድርገናል። ተዝካር አውጥተናል። በየዓመቱ ስሟን እናስጠራለን። ምን አጎደልንባት እያልኩ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳ ብቻዬን መግባት ፈራሁ፤ ለሽሮ የሚሆን ጨው ሳነሣ እንኳ በሩን በድንጋይ አስደግፌ እከፍተው ነበር።

ለጉደታ ስለ ቅቤው ሽታና ስለ ቋጠሮው ነገርኩት። ከኋላዬ ስለምትቆመው ግን አልነገርኩትም። ጠበል እንሂድ አለኝ፤ ሄድን። ውኃው ራሴ ላይ ሲወርድ ሌሎቹ ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ። እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፤ በእናቴ ድምፅ የሚናገር ነገር ከውስጤ እንዳይወጣ። ምንም አልወጣም። ጠበሉን አላማም፤ ከወራት በኋላ ደህና አድርጌ ያለቀስኩት እዚያ ነው። ግን ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ በቤንዚን ጭስ መሐል፣ ቅቤ ሸተተኝ።

ነገሩን የገለጠችው ቢፍቱ ናት። ስልክ ከእጇ አይጠፋም እያልኩ የምቆጣት ልጅ በዚያው ስልክ ቀርጻኝ ነበር። አንድ ቀን እንባዋን እየጠረገች አጠገቤ ተቀመጠችና "እማዬ፣ አትቆጪኝ። እዪው" ብላ ሰጠችኝ።

ቪዲዮው አጭር ነው። አንዲት ሴት በእኔ ቀሚስ ጓዳ ቆማለች። ድስቱን እያማሰለች ሳለ እጇ ይቆማል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን ምንም አያይም። አፏ ባዶውን ያላምጣል። ግራ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ያሻል። ከዚያ ወንበሩን ትስባለች። ትወጣለች። ማሰሮውን አውርዳ ትፈታለች። በሦስት ጣቷ ትዝቃለች፤ ድስቱ ውስጥ ትጨምራለች። እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች። ማሰሮውን መልሳ ታስራለች፤ ወደ ውስጥ ጠቅልላ፣ ከሥር ወትፋ። የቢፍቱ ድምፅ ይሰማል። "እማዬ? እማዬ? እማዬ!" ሴትዮዋ አትዞርም።

ከዚያ ማማሰሏን ትቀጥላለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ "መቼ መጣሽ?" ትላለች። ያ የእኔ ድምፅ ነው። ያን አስታውሳለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን አላስታውስም።

ሙታንን መፍራት ቀላል ነበር። እኔን ራሴን በራሴ ጓዳ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ሥራ ስሠራ ማየት ግን ሌላ ነው። ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ቢፍቱም "ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው" አለች፤ ጉደታም ራሱን ነቀነቀ።

አዲስ አበባ ያየችኝ የአንጎል ሐኪም፣ ኒውሮሎጂስቷ፣ ወጣት ሴት ናት። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው። ስለ ሽታው፣ ስለ ቅዝቃዜው ነገርኳት። ጻፈችና ቀና ብላ "ከኋላዎ ሰው የቆመ አይመስልዎትም?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጉደታ አጠገቤ ነበር። ለእሱ ያልነገርኩትን እሷ ከየት አወቀችው? መልስ ልሰጣት ስል እንባዬ ቀደመኝ።

"አይፍሩ፣ እናቴ። ብዙ ታማሚዎች ይህንኑ ይነግሩኛል" አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሕመሙ ፎካል ሴይዠር ይባላል፤ በአንጎል አንድ ቦታ ብቻ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። ሁሉም ሰው አይወድቅም፤ አረፋም አያስደፍቅም። ሽታው የሴይዠሩ መጀመሪያ ነው፣ ኦራ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሰውየው አያስታውሰውም፤ እጁ ግን የለመደውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። "እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሽሮ ሲያወጡ ቅቤ ይጨምራሉ። እጅዎ ጾም መግባቱን አላወቀም" አለች። ጉደታ ሳቀ። ከዚያ በሳቁ አፈረና ፊቱን አዞረ።

ቋጠሮውንም ጠየቅኳት። ልጅ ሆነው ማን አስተማረዎት አለችኝ። እናቴ አልኳት። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

ኢ.ኢ.ጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ ተነሣሁ፤ ኤም.አር.አይ ገባሁ። ውጤቱ ከጆሮዬ በላይ፣ በቀኙ ቴምፖራል ሎብ አጠገብ፣ አንድ ዕጢ እንዳለ አሳየ። ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ፊልሙ ላይ ሳየው የኮረሪማ ፍሬ ያህላል፤ ቅርጹም እንደዚያው ነው። ለጊዜው ካርባማዜፒን የሚባል ክኒን ጠዋትና ማታ እንድወስድ ታዘዘልኝ፤ ለቀዶ ሕክምናም ተራ ተያዘልኝ።

ክኒኑ ሠራ። ፋሲካ አለፈ፤ ክረምት ገባ። ሽታው ጠፋ፤ ከኋላዬም የሚቆም የለም። ድኛለሁ ብዬ ጓዳዬን ያለ ድንጋይ መክፈት ጀመርኩ። ከዚያ ፍልሰታ መጣ።

እዚህ ላይ እንደ እኔ የሚጾሙ ሁሉ ልብ ብለው ያንብቡልኝ። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ክኒን ደግሞ በውኃ ነው የሚዋጠው፤ ውኃ ጾም ይገድፋል። ስለዚህ የጠዋቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አሻገርኩት። የማታውን ማታ እወስዳለሁ። ሁለቱንም በቀን ወስጃለሁ፤ ምን ጎደለ? ለሐኪሟ አልነገርኳትም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በነገሩ ውስጥ ጥያቄ ያለበት መስሎ አልታየኝም።

አንድ ረፋድ ሽሮ ጣድኩ። ቅዝቃዜው ተነሣ። ቅቤው ሸተተኝ። ከኋላዬ ቆመች። ዘወር አልኩ።

ከዚያ የለሁም።

ወለሉ ላይ ነበርኩ። አፌ ደም ደም ይላል። ምላሴን ነክሼዋለሁ። ክንዴ ይቃጠላል። ድስቱ አጠገቤ ተደፍቷል። ጉደታ ራሴን ይዞ "ዘነብ! ማል ታቴ? ዘነብ!" ይላል። ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋዋል። የባሌን ስም ላስታውስ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ቢፍቱ ታለቅሳለች። የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅኩም።

በዚያ ቀን የያዘኝ ሙሉ ሰውነቴን ነበር። ሐኪሟ ጠዋት ክኒኑን ስንት ሰዓት ላይ እንደምወስድ ስትጠይቀኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መድኃኒቱ በደሜ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እኩል መቆየት አለበት፤ እኔ ሌሊቱንና ረፋዱን ባዶ እየተውኩት ነበር። "ለንስሐ አባትዎ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ካስፈለገ እኔ እደውልላቸዋለሁ" አለችኝ።

መደወል አላስፈለጋትም። ንስሐ አባቴ ክንዴ ላይ የተጠቀለለውን ፋሻ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ "ወለተ ማርያም፣ በሽተኛ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል። እኔ እፈቅድልሻለሁ፤ ካለፈቃድም መዋጥ ነበረብሽ። ለምን ሳትጠይቂኝ? እኔ ለምን አለሁ?" ቆጣ ብለው ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ክኒኔን ስውጥ አማትቤ ነው የምውጠው።

መስቀል ካለፈ በኋላ የቀዶ ሕክምናው ተራ ደረሰ። ሰርጀኑ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረኝ። "ዕጢው ካልወጣ ያድጋል። ስናወጣው ግን ለማሽተት የሚያገለግለውን ቦታ እንነካለን። ማሽተትዎ ሊቀንስ ይችላል፤ ጨርሶ ሊጠፋም ይችላል።"

"የቅቤውስ ሽታ?" አልኩት።

"እሱን ነው የምናወጣው።"

ፈርሜ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ግን ቁጭ አልኩ። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ከእናቴ የቀረኝ ያ ሽታ ነበር። ፎቶዋ እንኳ የደበዘዘ ነው። እያስፈራችኝም ቢሆን ትመጣ ነበር። ደግሞ በርበሬ ማሽተት የማትችል ባልትና ሻጭ ምን ትሠራለች? ጉደታ እጄን ይዞ "አንቺ ኑሪልኝ እንጂ በርበሬውን እኔም አሸትልሻለሁ" አለኝ። የእሱን አፍንጫ አውቀዋለሁ፤ ወተት መበላሸቱን የሚያውቀው ከጠጣው በኋላ ነው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ አሳቀኝ።

ፀጉሬን ላጩኝ። በተሽከርካሪ አልጋ ገፉኝ። ጣሪያው ነጭ ነው። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እጄ ላይ መርፌ አለ። ጸለይኩ። ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። ያኔ ቅዝቃዜው ከሆዴ ተነሣ። ቅቤው ሸተተኝ፤ ኮሰረቱ ያረረ። በጀርባዬ ነው የተኛሁት። ከኋላዬ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም። ግን ቆማ ነበር።

"እማ፣ በቃ። ሂጂ" አልኳት።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ጎንበስ ብሎ "ምን አሉኝ?" አለ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ቢፍቱ እጄን ስትስመኝ ነው።

ማገገሜን ያሳለፍኩት ሱሉልታ፣ ታላቅ እህቴ አስካለ ዘንድ ነው። ሐኪሞቹ ከእሳትና ከሥራ ራቂ ስላሉኝ፣ አስካለም በሩ ላይ እንዳየችኝ "አካም ጅርታ?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ የተላጨ ራሴን በሻሿ ስለሸፈነችልኝ፣ ብርዱ እስኪጠነክር እዚያው ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት ጋቢ ለብሼ በር ላይ እየተቀመጥኩ ልምምድ የሚያደርጉ ሯጮች በመንገዱ ዳር ጉም ውስጥ ገብተው ሲጠፉና ተመልሰው ብቅ ሲሉ እመለከታለሁ፤ እህቴ የገብስ አጥሚት ታቀርብልኛለች፣ እኔም ሽታ የሌለውን ትኩስ ነገር እጠጣለሁ። ሽንኩርት ለሁለት ከፍዬ አፍንጫዬ ላይ ስይዘው ዓይኔ ያነባል እንጂ አፍንጫዬ ምንም አይለኝም። ከኋላዬ የሚቆም ሰው የለም። ይህን ነበር የለመንኩት፤ ግን ያንን ባዶነት እስክለምደው ድረስ በየቀኑ ዘወር እያልኩ አይ ነበር።

ወደ ሰበታ ስመለስ ጓዳዬን እንደ አዲስ ሙሽራ ነው የተማርኩት። ቁሌቱ መድረሱን በጆሮዬ ማወቅ ጀመርኩ፤ ሽንኩርቱ ውኃውን ሲጨርስ የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል፣ ቀሪውን ቀለሙ ይነግረኛል። ገበያ ስንሄድ ጆንያውን የምታሸተው ቢፍቱ ናት። መጀመሪያ ላይ ነጋዴዎቹ ልጅ መስላቸው ሊያታልሏት ሞከሩ፤ አንዱን "ይሄ ዝናብ ነክቶታል" ብላ ስትመልሰው ኩራቴ ከመቀነቴ ሊያፈተልክ ምንም አልቀረው። ከደንበኞቼም አንዲት እንኳ አልጎደለችም።

እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬም ክኒኔን እወስዳለሁ፤ ሐኪሜ አቁሚ እስክትለኝ እወስዳለሁ። እሷንም፣ ሰርጀኑንም፣ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ትራሴን ታስተካክልልኝ የነበረችውን ነርስም በጸሎቴ በስማቸው አነሣቸዋለሁ። እናንተ ደግሞ፣ የሌለ ነገር ከሸተታችሁ፣ የሆነው ሁሉ ከዚህ በፊት የሆነ ከመሰላችሁ፣ ሰዓት ከጠፋባችሁ፣ ለቤተሰብ ንገሩ። ሲይዛችሁ ቅረጹኝ በሏቸው፤ ለማየት ያስፈራል፣ ለሐኪሙ ግን ከብዙ ወሬ ይበልጣል። ጠበላችሁን ጠጡ፤ መድኃኒታችሁን ግን በሰዓቱ ዋጡ። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ከራሳችሁ ጋር ብቻ አትማከሩ። ብቻችሁን እሳት ዳር አትቁሙ።

ያለፈው ፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ፣ ቢፍቱ የቅቤውን ማሰሮ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። ሁዳዴ ሲገባ ያሰረችው እሷ ነበረች፤ እኔ ወንበር ላይ መውጣት ተከልክዬ ነበር። ልትፈታው ስትል ቋጠሮውን አየሁት። ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ከሥር ተወትፏል።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"አንቺ ነሻ። ያን ጊዜ ስቀርጽሽ አይቼ።"

ቅቤውን ድስት ላይ ጣደችው፤ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹን ጨመረች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት የዶሮውን ሽንኩርት እከትፋለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጄ ቆመ።

ቅቤ ሸተተኝ። ስስ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ ዓይነት፤ ግን ቅቤ ነው። ኮሰረቱ ጥቂት አርሯል። ከግራ ትከሻዬ በስተኋላ ሰው ቆሟል። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቅዝቃዜው ከሆዴ እስኪነሣ ጠበቅኩ። አልተነሣም። ዘወር ለማለት አልደፈርኩም።

"ቢፍቱ" አልኩ፤ "ቅቤ ይሸትሻል?"

"ይሸተኛል፣ እማዬ" አለች ልጄ ከኋላዬ። "ኮሰረቱን አሳረርኩት መሰለኝ።"